የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትሮችና የጋሽ ታደሰ እምቢታ

የእኛ ሰው እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ የሚያውቀው የእኛው ሰው ብቻ ነው። ሰው ቤት ሄደን ምግብ ሲቀርብ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። የቤቱ እመቤት አታምነንም፤ ትለምናለች፤ «በሞቴ» ትላለች፤ እኛም እንደገና እንግደረደራለን። ሦስተኛው ልመና ላይ እጃችንን እንታጠባለን። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተታለለም። እኔ ዳላስ እንደመጣሁ ሰሞን አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጋብዞኝ እራት ሲያቀርብልኝ እንደ ልማዴ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩት። ሳህኑን ወደ ፍሪጅ መለሰው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ይርበኛል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ህንድ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ላወራችሁ ብዬ ነው። ምን አገናኘው እንደምትሉ አውቃለሁ። ለእኔም የተገለጠልኝ ቆይቶ ነው።

ጋሽ ታደሰ ዳላስ አጠገብ ባለችው ዩለስ ከተማ ጎረቤቴ ናቸው። አገር ቤት ጎባ ላይ ርእሰ መምህር ነበሩ፤ አሁን አየር ማረፊያው ፓርኪንግ መውጫ ላይ ካሉት የመስታወት ክፍሎች በአንዷ ተቀምጠው ቲኬት ይቀበላሉ። ድሮ ብቅ ሲሉ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይሰለፍ ነበር። ዛሬ በእሳቸው ትእዛዝ የሚነሳው መኪና ማገጃው ብቻ ነው፤ እሱም ካልተከፈለው ንቅንቅ አይልም። ይህን ቀልድ የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ ነበር፣ ግን ሙሉ ሳቅ አልነበረም።

ጎናቸው ባለችው ክፍል የሚቀመጡት ሚስተር ኩሪያን ናቸው፤ ህንዳዊ፣ የኬረላ ሰው። የጋሽ ታደሰን ትውልድ ሒሳብ ያስተማሩት ህንዶች እንደሆኑ ታውቃላችሁ። የሚስተር ኩሪያን አክስት ደግሞ በዘመናቸው ኢትዮጵያ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ። ያስተማሩት ጎባ አይደለም፤ የጎባን ስምም ሰምተው አያውቁ ይሆናል። ጋሽ ታደሰ ግን ይህን ትንሽ ነገር አልፈው ከሚስተር ኩሪያን ጋር ዘመድ ሆኑ። እኔ በፓርኪንጉና በተርሚናሎቹ መካከል የምትመላለሰውን አውቶቡስ ስለምነዳ ምሳችንን ሦስታችን አብረን እንበላለን፤ የምሳችን ወሬም ሚስተር ኩሪያን የሚያጫውቱን የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ታሪክ ነበር።

ሌላው ሰው ኳስ ቡድን እንደሚይዘው ጋሽ ታደሰ ጠቅላይ ሚኒስትር ይይዛሉ። ኮታቸው ላይ ጽጌረዳ የሚሰኩትን የመጀመሪያውን ብዙም አልወደዷቸውም፤ «ሲለብሱ ሰዓት ሳይፈጅባቸው አይቀርም» ብለው አለፏቸው። ሁለተኛውን፣ ቁመታቸው አጠር ያለውን፣ ወደዷቸው። ሰውየው ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት የባቡር ሚኒስትር ሳሉ ባቡር ተገልብጦ ሰው ሲሞት ሥልጣናቸውን ለቀዋል። ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ ማኘክ አቆሙ። ባቡሩን የነዱት እሳቸው ነበሩ ወይ ብለው ጠየቁ። አልነዱም። ታዲያ ለምን ለቀቁ? ሚስተር ኩሪያን ትከሻቸውን ሰበቁ። ጋሽ ታደሰ ከምሳ በኋላ አውቶቡሴ ድረስ ተከትለውኝ መጥተው «ባልነዳው ባቡር» አሉኝና ተመለሱ።

ልባቸውን የወሰደው ግን የቅርቡ ታሪክ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የፓርቲ መሪ ምርጫ አሸንፈው፣ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ሳለ፣ አልፈልግም አሉ። የፓርቲያቸው ሰዎች ለመኑ፣ አለቀሱ። ሴትየዋ ግን ጸንተው ወንበሩን ጥምጣም ለሚያስሩት ዝምተኛ ኢኮኖሚስት ሰጡ። ይህ ሁሉ አገር ያወቀው ነገር ነው። ጋሽ ታደሰ ታሪኩን ሦስት ጊዜ አስደገሙና «ይህች ሴት የእኛ ሰው ናት» ብለው ደመደሙ።

ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የእድራችን ምርጫ ባይደርስ ኖሮ። በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ የተበተንን ሰዎች እድር አለን፤ ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት እንልካለን፣ ሐዘንተኛ እናጽናናለን። የእድሩ ሰብሳቢ ደመወዝ የለውም፤ ሥልጣን የሚባልም ነገር የለውም። ያለው አንድ ነገር ነው፦ ለቅሶ ላይም ሆነ ስብሰባ ላይ ሊናገር ሲነሳ ሰው ጸጥ ይላል። ጋሽ ታደሰ የፈለጉት ይህን ጸጥታ ነው። «አንድ ጊዜ ደግሞ ተነስቼ ሰው ጸጥ ሲልልኝ ልየው» አሉኝ መኪናዬ ውስጥ። አንጀቴን በሉት።

ዘዴው ተነደፈ። ሰው ስለሚያከብራቸው መጠቆማቸው አይቀርም። ሲጠቆሙ እንደ ህንዷ መሪ አልፈልግም ይላሉ፤ አንድ ጭምት ሰውም በቦታቸው ይጠቁማሉ። ጭምቱ ሰው በደንቡ መሠረት እምቢ ይላል። ሕዝቡ ወደ እሳቸው ተመልሶ ይለምናል፤ እንደገና እምቢ ይላሉ። ሦስተኛው ላይ እኔ እነሳና «ያለ እርስዎ አይሆንም» እላለሁ፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይቀበላሉ። ድርሻዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትሆንም አውቶቡስ ውስጥ ተለማምጃታለሁ።

ስብሰባው ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት አዳራሽ ውስጥ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። አስመራጯ ሳምራዊት ነበረች። ሳምራዊት በሕፃንነቷ መጥታ እዚህ ያደገች፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሂዩማን ሪሶርስ የምትሠራ ልጅ ናት። የመረጥናት ስብሰባው በሰዓቱ እንዲያልቅ ነው፤ ለዚህ እኛው ነን ተጠያቂዎቹ።

ጋሽ ታደሰ ተጠቆሙ። ተነሱና ስለ ባቡሩ ሚኒስትር ተናገሩ፤ ስለ ሴትየዋ ተናገሩ፤ ስለ ሥልጣን ከንቱነት ተናገሩ። እንዲህ የሚያምር እምቢታ ሰምቼ አላውቅም። እናቶች እንባቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ «እኔ ለዚህ ወንበር አልበቃም፣ ሙሉጌታ ይሁን» ብለው ተቀመጡ። ሙሉጌታ ሜስኪት የሚኖር የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ስብሰባ ላይ ድምፁን የሰማ ሰው የለም። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ተራዬ ቀድሞ የመጣ መስሎኝ ብድግ ስል ሳምራዊት እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ ኖ ብለዋል» አለች። «ፕሬሸር አናድርጋቸው፣ ፕሊስ። ዲሲዥናቸውን ሪስፔክት እናድርግ።»

ተቀመጥኩ። ወደ ሙሉጌታ ዞራ ፈቃዱን ጠየቀችው። ሙሉጌታ ቆመ፤ ጋሽ ታደሰን አየ፤ «እሺ» ብሎ ተቀመጠ። አለቀ።

ውጪ መኪናዎቹ ጋ ስንደርስ ጋሽ ታደሰ ፈገግ ለማለት እየታገሉ፣ ትንሽ እንኳን እምቢ ሳይል ለምን እንደተቀበለ ሙሉጌታን ጠየቁት። ሙሉጌታ ግራ ተጋባ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሁን ብለው እንዴት እምቢ እላለሁ?»

ለጥቂት ጊዜ ጋሽ ታደሰ እንደ ሴትየዋ ከጀርባ ሆኜ እመራለሁ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። በየቀኑ ለሙሉጌታ ኮል ያደርጋሉ፤ ሙሉጌታ «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ከዚያ የመሰለውን ይሠራል። ይህን ምሳ ላይ ሲያጫውቱን ሚስተር ኩሪያን በለሰለሰ ድምፅ፣ ሴትየዋ የተዉት ወንበሩን እንጂ ፓርቲውን እንዳልሆነ አስታወሷቸው። «እርስዎ ለራስዎ ምን አስቀሩ?» አሏቸው። ጋሽ ታደሰ ምሳቸውን ከደኑ።

ሁለት ዓመት አለፈ። የህንዱ ባለ ጥምጣም ዘመናቸውን ጨርሰው፣ ምርጫ ተደርጎ፣ ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ሰሞን የእኛም እድር ምርጫ ደረሰ። ጋሽ ታደሰ ከህንድ የሚማሩትን ተምረው ጨርሰዋል፤ ዘንድሮ እንደ አሜሪካኖቹ ሊሆኑ ወስነዋል። ጠቋሚው ስማቸውን ጠርቶ ሳይቀመጥ «እሺ፣ እቀበላለሁ» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኙት ጸጥታ ነበር፤ ግን እሱ አልነበረም። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምነው እንዲህ ቸኮሉ?» ስትል ሰማኋት፤ እሳቸውም የሰሙ ይመስለኛል፤ ጆሯቸው ቀላ።

ከዚያ ሙሉጌታ ተጠቆመ። ዝምተኛው ሙሉጌታ ተነስቶ እምቢ አለ። ትሕትናን ከጋሽ ታደሰ እንደተማረ ተናገረ። ሳምራዊት እስክሪብቶዋን ስታነሳ አጠገቧ ያሉት ሴቶች እጇን ያዙና «ቆይ» አሏት። ተለመነ፤ እምቢ አለ። ተለመነ፤ አሁንም እምቢ አለ። ሦስተኛው ልመና ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፤ በእልልታም ተመረጠ። የጋሽ ታደሰን ዘዴ ከሀ እስከ ፐ የፈጸመው እሱ ሆነ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው በሩን ያዩ ጀመር።

ሙሉጌታ ግን አልተቀመጠም። ለቅሶ ላይ መናገር እንደማይሆንለት ገለጸና «ጋሽ ታደሰ የክብር ሰብሳቢ ይሁኑልኝ፤ ሐዘንተኛ ፊት የሚናገሩልን እሳቸው ይሁኑ» አለ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ቆሙ። አይ ብለው አጥተዋል፤ እሺ ብለው አጥተዋል። እንደዚያን ቀን ለሰው ጨንቆኝ አያውቅም።

«አይ፣ እኔ አልበቃም» አሉ ድምፃቸው እየከዳቸው።

ሳምራዊት ቀና ከማለቷ በፊት ብድግ አልኩ። «ያለ እርስዎ አይሆንም!» አልኩ። ሁለት ዓመት አፌ ውስጥ የከረመች ዓረፍተ ነገር ናት።

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ አዩ። ትከሻቸው ሲቃና ታየኝ። «አይሆንም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው የርእሰ መምህር ነው። አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ተነሳ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይለምናል። ሳምራዊት እስክሪብቶዋን እንደያዘች አንዴ እኛን አንዴ እሳቸውን አየች።

«ጋሼ፣ ሶሪ» አለች። «ሶ… ኖ ነው ያሉት ማለት ነው?»

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አዳራሹ ጸጥ አለላቸው።

«ቆይ ልጄ፣ አትጻፊ» አሏት። «ገና ሁለተኛዬ ነው።»