የእናት ስም የሚጠይቀው ጌም

ጎበዝ፣ ዛሬ ምን ሆኜ እንደዋልኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ኮከብ ቆጣሪ! መሃል ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ። አትሳቁ፣ ደክሞኛል።

ለማታውቁኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ሰማዩ ለሕዝቡ በጨዋታ ላስተምር ብዬ እንቅልፌን አጥቼ አንድ ቪዲዮ ጌም ሠራሁ። ስማችሁን ትጽፋላችሁ፣ ፕላኔት ትመርጣላችሁ፣ በሮኬት ሄዳችሁ ታርፋላችሁ። በቃ ይኸው ነው።

አለቃዬ ዛሬ ሰው ካልመጣ ፕሮጀክቱ ይዘጋል ብሎኛል። ስለዚህ አንድ አዳራሽ በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ዘርግቼ ባነር ሰቀልኩ፦ «ይምጡ፣ ኮከብዎን ይወቁ!»

አዎ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት።

መጀመሪያ የመጡት ሁለት ሴቶች ሁለቱም ሔለን ሆኑና ስማቸው ተደበላለቀብኝ። መለያ ይሆነኛል ብዬ ሁለተኛዋን «የእናትሽ ስም ማነው?» አልኳት።

ኮከብ የሚያስቆጥር ሰው ምን እንደሚጠየቅ ታውቁ የለ? የራሱንና የእናቱን ስም!

ወሬው እንዴት እንደሮጠ እንጃ። ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ወጣ። ከማዶ አንድ ወንድም ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይልኝ ጀመር።

ላስረዳ ሞከርኩ፣ ማን ይስማኝ። ሁለተኛዋ ሔለን ጁፒተርን መረጠች። ስክሪኑ «ጠንካራ መሬት የለውም፤ ማረፍ አይቻልም» አላት።

«አውቄው ነበር» አለች ቀስ ብላ። ለካ ስለ እጮኛዋ ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

እኅቴ፣ ይሄ የጋዝ ፕላኔት ነው እንጂ ሰው አይደለም ብዬ ለመንኳት።

«እሱም እንደዛው ነው» ብላ ቀለበቷን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች።

ሔለን፣ ይሄን ካነበብሽ ቀለበትሽን መልሰሽ አድርጊው። ወይም ተዪው፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

በዚህ መሃል አለቃዬ ደረሰ። ሰልፉን ሲያይ ፊቱ በራ። ፕሮጀክቱ ይቀጥላል፣ ቀጣዩ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በትልቅ ስክሪን ነው አለኝ። እውነቱን ልነግረው አስቤ ነበር፣ «እሺ» ብቻ አልኩት። ጌሜን እኮ እወደዋለሁ።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ለራስሽስ አይተሻል?» አሉኝ።

አላየሁም አልኳቸው።

«ለዚህ ነዋ» ብለው ቀለበት የሌለውን ጣቴን አይተው አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ምኑ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም፣ ገብቶኛል።

ሰው ሁሉ ሲበተን ግራ ቀኝ አይቼ የራሴንና የእናቴን ስም ጻፍኩ። ፒኤችዲ ጀምሬያለሁ እኮ! ማርስን መረጥኩ።

«ነዳጅ አልቋል። እንደገና ይሞክሩ።»

ያንን መልእክት የጻፍኩት እኔው ነኝ። ታዲያ ሆድ የባሰኝ ለምንድነው?