የራስ በር በራስ ቁልፍ

አገር በዳር ድንበሯ፣ መሥሪያ ቤት በይለፍ ቃሉ ይከበራል። ይህን ጥልቅ እውነት ባሕር ዳር ላይ ቀድመው የተረዱት የጀልባ ትኬት ቢሮው የድረ ገጽ ኃላፊ አቶ ሕዝቅኤል ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላም የተረዳው አልተገኘም።

እስከዚያ ድረስ ወደ ጣና ገዳማት የሚሻገር መንገደኛ ስልኩ ላይ ባለው የውጭ ኩባንያ ኢሜይል በአንድ ንክኪ ገብቶ ትኬቱን ይቆርጥ ነበር። ነገሩ ይሠራ ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም።

“ውርደት ነው!” አሉ አቶ ሕዝቅኤል በስብሰባ ላይ። “የሰው ወርቅ አያደምቅ። እያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱ አካውንት፣ የራሱ ባለ አሥራ አራት ፊደል የይለፍ ቃል ይኑረው!”

“ጋሼ፣ ቢረሳውስ?” አለች ትኬት ሻጯ ማህሌት።

“ሰው የእናቱን ስም ይረሳል?”

“የእናት ስም እኮ አሥራ አራት ፊደል የለውም።”

ተሰብሳቢው ለአቶ ሕዝቅኤል አጨበጨበ።

የቀድሞው መግቢያ ተዘጋ፤ ተሳፋሪውንም ራሳቸው በየስሙ መዘገቡት። የንግሥ ዕለት ማለዳ ሦስት መቶ ምእመን ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ወደቡ ላይ ቆመ። ጀልባዎቹ ባዶአቸውን ይወዛወዛሉ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ማኅሌቱ ሊያመልጣቸው ሆነ።

“ስሜን ብጽፍ ‘እንዲህ ያለ ሰው የለም’ አለኝ” አሉ።

“በየትኛው ‘ኡ’ ጻፉት?” አሉ ወደቡ ላይ የቆሙት አቶ ሕዝቅኤል።

“በዐይኑ ነዋ!”

“እኔ ስመዘግብዎ በአልፋው ነው የጻፍሁት።”

“እንግዲያስ የሌለው እርስዎ የመዘገቡት ሰውዬ ነው።”

አቶ ሕዝቅኤል የቀድሞውን መግቢያ ሊመልሱ ወደ ቢሯቸው ሮጡ። የራሳቸውን የይለፍ ቃል ጻፉ፤ ስሕተት። ደገሙ፤ ስሕተት። በሦስተኛው ተቆለፈባቸው። ራሳቸው ያረቀቁት መመሪያም “የይለፍ ቃሉን የረሳ ለኃላፊው በጽሑፍ ያመልክት” ይላል።

“ኃላፊው እኮ እርስዎ ነዎት” አለች ማህሌት።

“አውቃለሁ። አስቸጋሪ ሰው ነው።”

እሷ የኃላፊውን ፈቃድ ሳትጠብቅ ደብተር ይዛ ወደ ወደቡ ወረደች፤ መሪጌታን አንደኛ ብላ ጻፈች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ ተሳፈረ።

አቶ ሕዝቅኤል ግን ሥርዓት አክባሪ ናቸው። ማመልከቻቸውን ቆመው ጻፉ፤ ጠረጴዛውን ዞረው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና በጥሞና መረመሩት። ከዚያም “አመልካቹ ለቦታው ብቁ ሆነው ስላልተገኙ ጥያቄያቸው ውድቅ ተደርጓል” ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት።

አመልካቹ ሲያነቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። ኃላፊው በሥራ ዘመናቸው የሰጡት ትክክለኛ ውሳኔ እሱ ብቻ ነበር።