አምባዛ ይዤ አማት ቤት

አምቦዎች፣ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ራሴ ላውራላችሁ!

እኔ የዓሣ አለርጂ አለብኝ። ቆሮሶ አንድ ጉርሻ ከቀመስኩ ከንፈሬ ያብጣል፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ቀልድ አይደለም።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ አጠገቡ አስቀምጦ የተለያየ ዓሣ በጥቂት በጥቂቱ እያስቀመሰ ሞከረኝ። ቆሮሶ በፍጹም፤ አምባዛ ግን ተስማማኝ! "ሰው ሁሉ እንዳንተ አይደለም፤ አንተም ብትሆን ቆሮሶ የተጠበሰበትን ዘይት እንዳትነካ" አለኝ።

ዛሬ የእጮኛዬ የሂሩት እናት፣ እትዬ አስካለ፣ ምሳ ጠሩኝ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ሊመዝኑኝ ነው። ጾም ስለሆነ ለእንግዳ ክብር ዓሣ ይጠበሳል።

"አለርጂ እንዳለብህ ልንገራት?" አለች ሂሩት።

ይሉኝታ ያዘኝ። "ተይው፣ የራሴን ዓሣ ይዤ እመጣለሁ፤ ስጦታም ይሆናል" አልኳት። ምን ዓሣ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

አምባዛዬን ጠብሼ፣ በሳህን ከድኜ ሄድኩ።

እትዬ "ምነው ደከምክ ልጄ!" ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ "ትንሽ ይሙቅ" ብለው ቆሮሶ በጠበሱበት መጥበሻ ላይ ገለበጡት!

"ያ ዋቅ! አምላኬ! እዚያ ላይ አያድርጉት!" ብዬ ጮህኩ።



"መጥበሻዬ ምን አለበት?"

"መጥበሻው አይደለም እትዬ፣ ይሄ አምባዛ ስለሆነ ነው..."

"አምባዛ?! ቅርፊት የሌለው? በእኔ መጥበሻ?"

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እኛ ቤት አምባዛ ይበላል። ኦርቶዶክሶቹ እነ ሂሩት ቤት ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይገባ በሐሳቤም አልመጣም። ሦስት ዓመት ስንዋደድ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም!

መጥበሻው ለእሳቸው ረከሰ፣ አምባዛው ለእኔ መርዝ ሆነ። እሳቸውም እኔም ሽሮ በላን።

አለርጂዬን ስነግራቸው፣ ሽሮውን እያወጡልኝ "ዓሣ አይስማማኝም ብትል ምን ነበረበት?" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን ሂሩት ቴክስት ላከችልኝ፦ "እማዬ መጥበሻውን ጣለችው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን ይምጡ ብላለች።"

ወገኖቼ፣ ለእኔ የሚስማማኝን ዓሣ ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ፤ ለአማቴ የሚስማማውን ግን ሂሩትን እንኳ አልጠየቅኩም።

ቆይ ግን... "ሲመጡ" ነው ያሉት። ይሄ እሺታ ነው፣ አይደል?