ጋሽ አማራጭ

በየቤቱ አንድ «ገና እያጠናሁት ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ሌላው ልጅ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲባል «ሐኪም» ወይም «ፓይለት» ብሎ ይገላገላል። ይሄኛው ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወንበሩን ወደ ጠያቂው አስጠግቶ፣ «ከምን አንጻር?» ይላል። ያን ጊዜ ጠያቂው ምነው አፌን በቆረጠው ይላል። ልጁ የእያንዳንዱን ሙያ ደግና ክፉ ሲያብራራ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እንግዳው ያዛጋል፣ ውሳኔ የሚባለው ነገር ግን ብቅ አይልም።

ከእነዚህ ሁሉ አለቃ መባል የሚገባው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ የደረሰ ልጅ ነበር። አባቱ በዓመት አንዴ የሚቀልዱ ሰው ናቸው፤ የዚያን ዓመቱን ቀልዳቸውን ለልጃቸው «ጋሽ አማራጭ» የሚል ስም በማውጣት ጨረሱት። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፣ ትምህርት ቤትም ደረሰ። ልጁ አልተቀየመም። የሚያሳፍረው አማራጭ ማጣት ነው ብሎ ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

የጋሽ አማራጭን ምርምር ከማንም በላይ የተሸከመችው ግን ታላቅ እህቱ ናት።

እህቲቱ ትምህርቷን እንደጨረሰች ከቤተሰቧ ርቃ በአንዲት ከተማ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ተመደበች። ከየሰፈሩ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ በጠርሙስ ይመጣላታል፤ ትመረምራለች፣ ውጤቱን ትጽፋለች፣ ጠርሙሱን ታጥባለች። አለቃዋ ጀርባቸውን ሰጥተዋት የሚቀመጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጠዋት «እንዴት አደርሽ»፣ ማታ «ደህና እደሪ» ይሏታል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ቀን የሚሞላው የማቀዝቀዣው ድምፅ ነው። ከዚያ አውቶቡስ ትይዛለች፤ ከዚያ የተከራየቻት ክፍል። መስኮቷ ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ይታያል። አንዳንድ ቀን ማታ ለብቻዋ ስትስል የገዛ ድምፅዋ ያስደነግጣታል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰምታው አታውቅማ።

ይህን ለቤተሰቧ አልተናገረችም። እናቷ ደውለው «ተመችቶሻል ወይ ልጄ?» ሲሏት «ደህና ነኝ እማዬ» ትላለች። «ምን በላሽ?» ሲሏት «በልቻለሁ» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸውና ስልኩ ይዘጋል።

የጋሽ አማራጭ ስልክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። የሚደውለው ልክ እሷ ጫማዋን አውልቃ ማንቆርቆሪያውን ስትጥድ ነው። የመጀመሪያው ምርምር ቅየሳ ነበር። በሰፈራቸው መንገድ ሊሠራ ቀያሾች መጥተው፣ ለምኗቸው ምልክት ያለበትን ረጅም ዘንግ ይዞላቸው ሲቆም ዋለ። ማታ ደውሎ፣ ቀኑን ሙሉ የተባለው «ወደ ቀኝ»፣ «ወደ ግራ» እና «ቀጥ አድርገው» ብቻ እንደሆነ፣ ይህም ከአባቱ ጋር ቤት ከመዋል እንደማይለይ ነገራት። ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

በሳምንቱ የእንስሳት ሐኪም ሊሆን ተነሣ። ክሊኒክ ሄዶ አንዲት ላም ስትመረመር ጭራዋን እንዲይዝ ታዘዘ፤ ላሚቱም ስለ ሙያ ምርጫው ያላትን አስተያየት ሱሪው ላይ ገለጸችለት። ከዚያ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወደሚሠራ ባለሙያ ዞረ። ይህን ሥራ ሲያደንቅ ጣራ ነካ፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ከጥርስ ጋር እየዋለ የሚነክሰው የለም። እህቲቱ ጥርስ መሥራት የእጅ ጥበብ ነው ወይስ ሕክምና በሚለው ላይ ስትከራከረው ቆይታ፣ ዞር ስትል ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ውሃ ተኖ አልቋል። በቀን አሥር ቃል የማትናገር ሰው ስለማታውቀው ሰው ጥርስ ድምፅዋ እስኪዘጋ ተሟገተች።

ክቡር ተመራማሪው በዚህ አላበቃም። እሱ ያለበት ከተማ ለምርምር ጠበበውና እሷን ረዳት አድርጎ ሾማት። በእሷ በኩል መነጽር ሠሪ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። አለ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ። እንግዲያው ሄዳ ከሥራው የትኛውን ሰዓት እንደሚወድ ጠይቃ ትንገረው። እህቲቱ የማታውቀውን ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደማትጠይቅ፣ ሰው እንደሚስቅባት፣ ይልቅ እሱ ወደ ልቡ እንዲመለስ ነገረችው። እሱ የሚመልሰው ያው የለመደችውን ነው። «እታለም፣ ገና እያጠናሁት ነው እኮ። ያለ መረጃ እንዴት ልወስን?»

ሄደች። መነጽር ሠሪው አንዲት ቁራጭ ብሎን በመቆንጠጫ ይዞ ቀና ሳይል ሰማት። ቆይቶም፣ አዲስ መነጽር ያደረገ ሰው ከበሩ ወጥቶ ማዶ ያለውን የዛፍ ቅጠል ለየብቻው ሲያይ ያለችውን ደቂቃ እንደሚወድ ነገራት። አብዛኛው ሰው አመስግኖ እንኳ አይሄድም አለ፤ ቅጠሉን እያየ ነው የሚሄደው። ከዚያን ቀን ወዲህ አውቶቡስ ስትጠብቅ በመስታወቱ ውስጥ እጁን ያነሣላታል።

ቀጣዩ ትእዛዝ ስለ አውቶቡስ ሾፌርነት ነበር። የምትሳፈርበትን አውቶቡስ የምትነዳው ሴት ናት፤ እህቲቱ በየቀኑ ጀርባዋን ስታይ ከርማ አንድ ቀን እንኳ አናግራት አታውቅም። ሾፌሯ ጥያቄውን ስትሰማ በመስታወት ገላምጣት፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጥፍታ እግሯን የምትዘረጋበትን ሰዓት እንደምትወድ ተናገረች። ከዚያ መልሳ፣ «አንቺስ?» አለቻት።

ይህን ጥያቄ ጋሽ አማራጭም ጠይቋት ነበር። ያን ጊዜ «ሥራ ስጨርስ» ብላ ዘግታበታለች። አሁን ግን ሾፌሯ እየጠበቀች ነው፤ ከኋላ ያለው ተሳፋሪም እንዲሁ። እህቲቱ ሳታስበው፣ ጠዋት ጠርሙሶቹን መስኮቱ ሥር ስትደረድርና ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ሲያልፍ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ነገር እንደምትወድ ተናገረች። ለማንም ነግራው አታውቅም። ለራሷም ቢሆን። ሾፌሯ «ደስ ይላል» ብላ ማርሽ ቀየረች። ከዚያ በኋላ እህቲቱ ካረፈደች አውቶቡሱ ትንሽ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ሾፌሯም ያልሰማች ትመስላለች።

እህቲቱን ያናደዳት የአከራይዋ ጉዳይ ነው። አከራይዋ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሰው ሲደውል እሳቸው አንስተው፣ ገመዱን ነቅለው ሰክተው፣ ከሚፈልገው ሰው ጋር ያገናኙ ነበር። ይህን ከጎረቤት ሰምታ አንድ ጊዜ በወሬ መሀል ለወንድሟ ብታነሣለት ካልጠናልኝ ብሎ ያዛት። እንዲህ ያለ ሥራ ከዓለም ላይ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው፣ የሌለ ሥራ ምን ያደርግልሃል ብትለው «ለማነጻጸሪያ» አላት። እያጉረመረመች የአከራይዋን በር አንኳኳች።

አከራይዋ ክፍሉ ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር ለሷ ሰጥተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ሰዓት ተናገሩ። የከተማውን ሰው ሁሉ በድምፅ ያውቁት እንደነበር፣ መንገድ ላይ ሲያልፉት ግን ማንም እንደማያውቃቸው፤ የሰው ደስታም ሐዘንም መጀመሪያ በጆሯቸው አልፎ ይሄድ እንደነበር ነገሯት። በመጨረሻ ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ድምፅሽ ደስ ይላል ልጄ» አሉ። «እስካሁን የማውቅሽ በር ስትዘጊ ነበር።»

እህቲቱ ያን ማታ ለወንድሟ ስትነግረው የመጨረሻውን አልነገረችውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ የትምህርት ምርጫ ማሳወቂያው ጊዜ ደረሰ። የጓደኞቿ ታናናሾች ሁሉ መርጠው ጨርሰዋል። ጋሽ አማራጭ ግን በዚያው ሳምንት ደውሎ የጸጉር ሠሪነትን ጉዳይ እንድታጣራለት ጠየቃት። የዚያን ዕለት ላቦራቶሪ ውስጥ ሳጥን ሙሉ ጠርሙስ ተሰብሮባት ነበር፤ እጇ ቆስሏል፣ አለቃዋም ዞር ብለው አላዩዋትም። ንዴቷን ሁሉ በወንድሟ ላይ አወረደችው። ዕድሜውን በጥያቄ እንደሚጨርስ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ እሱ ብቻውን በር ላይ ቆሞ እንደሚቀር፣ እሷም የሱ ተላላኪ ሆና መክረሟ እንደሰለቻት ነገረችው።

ጋሽ አማራጭ፣ ማብራሪያ ሳይጨምር፣ «እሺ እታለም። ይቅርታ» ብሎ ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ አልደወለም። መጀመሪያ ላይ እፎይ አለች፤ ሻይዋን ትኩሱን ጠጣች። ቀኖቹ ሲደራረቡ ግን ክፍሏ ውስጥ የማታውቀው ዓይነት ጸጥታ ገባ። የድሮውን ጸጥታ ለምዳው ነበር፤ ይሄኛው ግን ሰው የጎደለበት ነው። ጫማዋን አውልቃ ስልኩን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ጸጉር ሠሪዋን ጠይቃ መልሱን ይዛ ተመለሰችና የምትነግረው ሰው እንደሌላት ትዝ ሲላት፣ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ልትደውልለት ፈለገች፤ አፈረች። በመጨረሻ ለእናቷ ደወለች። ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ቆይታ፣ ልጁ እንደምንም መረጠ ወይስ ጊዜው አለፈበት ብላ ጠየቀች።

እናቷ ገረማቸው። «እሱማ ከወሰነ ቆየ እኮ። ቀያሽ ነው የሚሆነው። ያን ዘንግ ይዞ የዋለ ዕለት ማታ ነው የቆረጠው። ከእኔ ጀምሮ አባትሽም፣ ትምህርት ቤቱም የምናውቀው ነገር ነው።»

«ላሚቱስ?» አለች።

«ላሚቱማ እውነት ናት። ሱሪውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ከወሰነ፣ እኔን ምን ሲጠይቀኝ ከረመ?»

እናቷ የሚናገሩትን መርጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት። «‘ደህና ነሽ ወይ’ ስትባይ ‘ደህና’ ብለሽ ትዘጊያለሽ። እኔ ከዚያ ወዲያ የምለው ይጠፋኛል። እሱ ነው፣ ስለ ሌላ ሰው ከጠየቅኋት ታወራለች ብሎ ዘዴውን ያገኘው። እያንዳንዱን ሙያ ሄዶ እያየ የሚጠይቅሽን ይዞ ይመጣል።» ከዚያም ጨመሩ። «ደግሞስ ልጄ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እሱስ በዚህ ቤት ከማን ጋር ያወራል?»

እህቲቱ ስልኩን ዘጋች። መጀመሪያ ተናደደች፤ ገና ጺም ያላበቀለ ልጅ እንደ ሕፃን ሲያታልላት ከርሟል። ቀጥሎ መነጽር ሠሪው፣ ሾፌሯ፣ አከራይዋ አንድ በአንድ በዓይኗ መጡባት። ሁሉንም የተዋወቀቻቸው ተልካ ነው። እዚያ ማዶ፣ ልጅነታቸውን አብረው ባሳለፉባት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ልጅ ብቻውን ቁጭ ብሎ «ነገ ደግሞ ምን ብዬ ልጠይቃት?» ሲል ታያት። ንዴቷ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ እያጠበች ሳለ፣ ወደ አለቃዋ ጀርባ ዞር ብላ፣ የከተማውን ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ማን እንደሚያጸዳው ጠየቀች። ጥያቄው የሥራ ነው፤ ጠርሙሱን ማጠብ ግን አቆመች። አለቃዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወንበራቸው ተንቋቋ፤ ከተመደበች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞሩ። ውሃው ሳይፈስ፣ ጠላቂ ዋናተኛ ገብቶ ጨለማ ውስጥ በእጁ እየዳሰሰ እንደሚያጸዳው ነገሯት። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ይህን ሥራ ተመኝተው እንደነበር፣ እናታቸው አልቅሰው እንዳስቀሯቸውም ጨመሩ። ሲናገሩ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መሰላት። የጠርሙሱ ሥራ ያን ቀን ዘገየ።

ማታ ራሷ ደወለች። ጋሽ አማራጭ ስልኩን ያነሣው ወዲያው ነው።

«አንድ ሥራ አግኝቼልሃለሁ» አለችው። «ውሃ ውስጥ ነው። ከዚህ በፊት ያላጠናኸው።»

ልጁ ተመዝግቦ፣ ቦርሳውን ሳይቀር አዘጋጅቶ የጨረሰ ቀያሽ ነው። ተመዝግቤያለሁ ቢላት ነገሩ እዚያው ያበቃል። እሷም መወሰንህን አውቃለሁ አላለችም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ትጠብቃለች።

«ቆይ» አለ በመጨረሻ።

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። ከዚያ ወንበር ሲሳብ። የእናቷ ሳል ተከተለ። ቀጥሎ ሌላ ወንበር፣ ከባድ፣ ቀስ እያለ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«በይ እታለም፣ ጮክ ብለሽ ንገሪን» አለ ወንድሟ። «አባዬ በዚህኛው ጆሮው በደንብ አይሰማም።»