የአምስተኛው ቅጽ መጨረሻ

ሰው የሚወደውን መጽሐፍ ሲጠየቅ ለምን እንደሚዋሽ አይገባኝም። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ በሬዲዮም ይሁን በሠርግ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ተጠያቂው ጉሮሮውን ጠርጎ ወፍራም ወፍራሙን ይጠራል። ከመካከላቸው አንዱን እንኳ ጨርሶት እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ጠያቂውም ስላልጨረሰው ነገሩ በመተሳሰብ ያልፋል። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን መዋሸት ሰለቸኝ። በቃ ልናገረው፤ የምወደው መጽሐፍ ስለ ጫካ ነው።

ባለ አምስት ቅጽ ነው። ጀግናው ባልቶር የመርከብ ወጥ ሠሪ ነበር። መርከቡ ሰምጦ ብቻውን ጫካ ውስጥ ይቀራል፤ አንዲት አሮጊት ዝሆን ትላመደዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መከራ ተዉት። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት ነኝና ልናዘዝ፤ በዚያ ጫካ ጎሪላና ካንጋሮ ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። ለባልቶር ግን አንጀቴ አልጨከነም።

ከአምስቱ የቱ ይበልጣል? ወዳጄ ተስፋዬ፣ ዛሬ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው፣ የልጅነት ጎረቤቴ፣ ሦስተኛውን የሚያህል የለም ይላል፤ ባልቶር በአዞ ጀርባ ወንዝ የሚሻገርበት ነው። የመኪና ሰው ስለሆነ ከመጓጓዣ በላይ አይታየው። የእኔ አምስተኛው ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዲት መርከብ ባልቶርን ልትወስደው ትመጣለች። ዝሆኗ ከኋላው ቆማለች። አንድ እግሩን ባሕሩ ውስጥ ያስገባል። እዚያ ላይ መጽሐፉ ያልቃል።

ያልቃል ስል፣ ማለቴ፣ ተቀዷል። እኛ የምናውቀው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ካዛንቺስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ካለችው የጋሽ ሁሴን የቆርቆሮ ሱቅ የምንከራየው። ጋሽ ሁሴን በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው መጽሐፍ በማከራየት ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ሕግ ነበራት። መጽሐፍ ስትመልሱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላችሁ ያነበባችሁትን ትተርካላችሁ፤ የዘለላችሁት ገጽ ካለ ሌላ መጽሐፍ የለም። አምስተኛው ቅጽ ሲመለስ ግን ተራኪው እሳቸው ነበሩ። ጠጋ ብለው የጎደለውን መጨረሻ በጆሯችሁ ይነግሯችሁና፣ "ለማንም እንዳትተነፍሱ፤ ላላነበበ ሰው ይበላሽበታል" ይላሉ። የካዛንቺስ ልጅ ደግሞ በሌላው ነገር ወሬ አይቋጥርም እንጂ በዚህ ታምኗል። አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።

ሰፈራችን ፈረሰ። ስለ እሱ የሚባለው ሁሉ ተብሏል፤ እኔ አልጨምርበትም። ጋሽ ሁሴን ጎተራ ወዳለው የሴት ልጃቸው የሐያት ኮንዶሚኒየም ቤት ገቡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐያት ደወለችልኝ።

"እትዬ ሮማን፣ አባዬ አልሰማ አለኝ። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ሐኪሙ ቶሎ ካልተሠራ ይጠፋል ብሎኛል። እሱ ግን 'ያየሁት ይበቃኛል' ነው የሚለው። በቃ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ሆኗል። ማለቴ፣ እናንተን ይሰማ ይሆን?"

ተስፋዬና እኔ ሙዝና ብርቱካን አንጠልጥለን ሄድን። መቼም የእኛን አገር ጠያቂ ታውቁታላችሁ። ከእኛ በፊት የመጣ አንድ ዘመድ፣ ሊያጽናና ብሎ፣ ዓይኑን ተሠርቶ ጭራሽ ስለ ታወረ ጎረቤቱ አውርቶላቸው ሄዷል። ጋሽ ሁሴን አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። በድምፃችን ለዩን፤ መረቁን፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ያ መጽሐፍ ካልተረካችሁ ብሎ የሚቆጣ ሰው ወሬ እንኳ አልጠየቀንም።

ተስፋዬ በመንገድ ሲያጠናው የመጣውን ንግግር ጀመረ፤ ስለ ዘመናዊ ሕክምና።

"ተስፋዬ፣" አሉ ጋሽ ሁሴን፣ "ካዛንቺስ ከሌለች ዓይኔ ምን ላይ ሊያርፍ ነው?"

ተስፋዬ ማርሹን ቀይሮ ብርቱካን መላጥ ያዘ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ የመምህርነት አመሌ ተነሳ።

"ባልቶር እንኳን ዝሆኗን ትቼ አልሄድም ብሎ ከባሕሩ ተመልሷል! እርስዎ ሐያትን ትተው የት ሊሄዱ ነው?"

"ማን ተመለሰ?" አለ ተስፋዬ። "ተሳፍሮ ሄደ እንጂ!"

"አልሄደም!"

"ሮማን፣ ተምረሻል ብዬ እንጂ! ተሳፍሮ ሄዶ፣ ተምሮ፣ ካፒቴን ሆነ። ጋሽ ሁሴን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።"

"ለእኔም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ!"

ሐያት የሻይ ትሪ እንደያዘች በር ላይ ቆማ ቀረች። "ኧረ ዝሆኗም አብራው ተሳፍራለች" አለች።

ሦስታችንም ወደ አልጋው ዞርን። ጋሽ ሁሴን በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካስ እየሳቁ ነው።

"አንቺ" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "መጽሐፉን የመለስሽው አባትሽ በሞተ ሰሞን ነው። 'ዝሆኗን ጥሏት ሄደ' ልበልሽ? ተስፋዬ ደግሞ ትምህርቴን ትቼ ወፍጮ ቤት ልቀጠር እያለ እናቱን ያስቸግር ነበር፤ እሱን ማሳፈር ነበረብኝ። ሐያትማ ያኔ ሕፃን ናት፤ ማንንም ብተው ታለቅስብኛለች። ዝሆኗን ጫንኳታ!"

በልጅነቴ ያ መጨረሻ ስንት ቀን አቁሞ እንዳዋለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"እውነተኛውስ?" አለ ተስፋዬ፣ ነገር አይለቅም።

"እኔ ምን አውቄ! ስገዛውም ተቀዶ ነበር" አሉ። ደግሞ ለራሳቸው ያህል፣ "እስከ ዛሬ ይከነክነኛል" ብለው ጨመሩ።

ይቺን ቃል ተስፋዬ ቀለባት። የድሮ የካዛንቺስ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ከልቅሶና ከልደት በቀር ብዙ ነገር አይወራበትም። እዚያ ላይ ጻፈ፤ አምስተኛውን ቅጽ ሙሉውን ያየ አለ ወይ ብሎ። አንዷ መለሰች። ቤታቸው ሲፈርስ ከእናቷ ቁም ሣጥን ሥር የወጣ፣ ሽፋን የሌለው፣ የመጨረሻ ገጾቹ ግን ደህና የሆኑ አንድ አምስተኛ ቅጽ እሷ ዘንድ አለ። ቄራ ሰፈር ከተከራየችው ቤት ድረስ ሄደን ተቀበልናት። ጥሩነቱ፣ ጋሽ ሁሴን ሳያዩት እንዳንገልጠው ተማምለን ተስፋዬ በፕላስተር አሸገው። ማሸጉ አስፈላጊ ነበር፤ እኔን ያውቀኛል።

ሐያት ላንብብልህ ብትላቸው እሳት ጎርሰው እሳት ለበሱ።

"መጽሐፍ አከራይቻለሁ እንጂ ዓይን ተከራይቼ አላውቅም!"

"እንግዲያው የራስህን አሠራ" አለች ሐያት፣ እሷም የአባቷ ልጅ ናት።

መጽሐፉ እንደታሸገ ራስጌያቸው ተቀመጠ። ይዳስሱታል፤ መልሰው ያስቀምጡታል። እንዲህ ሲሉ ሰነበቱና አንድ ጠዋት፣ "አንደኛውን ብቻ" አሉ። አንድ ዓይናቸው ተሠራ። እንኳን ሊጠፋ፣ ሐያት ሽበት ማብቀሏን አይተው አፏን አስያዟት።

ሐኪሙ ንባብ የፈቀደ ዕለት ሁላችንም ተሰበሰብን። ጋሽ ሁሴን ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡ፤ መነጽራቸውን ሰኩ፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው የመጨረሻዎቹን ገጾች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ማንበብ ጀመሩ። ተስፋዬ በትከሻቸው ላይ ሊያነብ ተንጠራራ። እኔም ሰዓቱን ረሳሁት። ጨርሰው መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ወባ" አሉ።

"ምን?"

"ወባ ይዞት ነው! መርከብም አልሰጠመ፣ ዝሆንም የለች። ሰውዬው ኩሽናው ውስጥ ተኝቶ ሲቃዥ ነው የከረመው። ሰውን አምስት ቅጽ ሙሉ አንከራትቶ ወባ ይበል?"

እንደዚያ ተቆጥተው ካየናቸው ስንት ጊዜ ሆነን! ፊታቸው ቀልቷል፤ ጋቢው ከትከሻቸው ወርዷል። ተስፋዬ ሊያጽናናቸው ፈልጎ፣ "የእርስዎዎቹ ይሻላሉ፤ ይተዉት" አላቸው።

አልተዉትም። መጽሐፉን አንስተው አራቁት፣ አቀረቡት፤ ያልተሠራውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፣ ከፈቱ። ሐያት አጠገባቸው ቆማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

"ቆይ እስቲ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይሄ በአንድ ዓይን የተነበበ ነው፤ ግማሹ አምልጦኝ ይሆናል። ሐያት፣ ለሁለተኛው ቀጠሮ አስይዢልኝ።"