ሽመና የማትችለዋ ዶርዜ

የትምህርት ክፍሉን የመረጥኩት ራሴ ነኝ የሚል ሰው ካያችሁ፣ እርግጠኛ ሁኑ… ዶርዜ ሆኖ አያውቅም!

ከዶርዜ ተራራ ወርጄ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስሆን ያማረኝ ሒሳብ መማር ነበር። አትሳቁ፣ ሒሳብ የሚያስደስተው ሰው አለ! ዶርም ገብቼ "ከዶርዜ ነኝ" ከማለቴ ግን ከላንቴ የመጣችው የዶርም ጓደኛዬ አልማዝ ከአልጋዋ ብድግ አለች።

"በቃ ቴክስታይል ነሻ! ሽመናን ከእናትሽ ሆድ ይዘሽው ነው የወጣሽ።"

ከእናቴ ሆድ ይዤ የወጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው። እኛ ጋ ሴት ትፈትላለች፣ የሚሸምነው ወንድ ነው። እኔ ደግሞ መፍተሉም አይሆንልኝ፤ እናቴ እንዝርቱን የነጠቀችኝ ለጥጡ አዝና ነው! ይህን መናገር ሲገባኝ ፈገግ አልኩ። በሳምንቱ የተተረተረ ነጠላዋን ይዛ ያልመጣች የብሎኩ ልጅ የለችም። እኔም "ተዪው፣ አየዋለሁ" እላለሁ… ምኑን እንደማየው እግዜር ይወቅ። የምርጫ ቅጽ ሲመጣ ቴክስታይልን አንደኛ ብዬ ሞላሁ። ምስኪን ሒሳብ ሁለተኛ ላይ ቀረች።

ቅጹን ልናስገባ አንድ ቀን ሲቀረን የቴክስታይል ክፍሉ ሥራውን ሊያስጎበኘን ጠራን። መሃል ላይ የእንጨት የሽመና ዕቃ ቆሟል። ከሰሜን አገር የመጡ አንድ ደግ መምህር "ከዶርዜ የመጣ አለ?" ሲሉ አልማዝ እጄን ራሷ አነሳችልኝ!

ገብቼ ተቀመጥኩ። በአንዱ እግሬ ረገጥኩ… በሌላውም ረገጥኩ… መወርወሪያውን ወረወርኩት። በመስኮት ወጣ! ልከተለው ብድግ ስል ክሩ ቀሚሴን ያዘ፣ ዕቃው ሁሉ ተከትሎኝ መጣ።

"ልጄ፣ ዶርዜ ነኝ አላልሽም?" አሉ መምህሩ ከክሩ እየፈቱኝ።

"ነኝ! ግን እኛ ጋ የሚሸምነው ወንድ ነው። እኔ… ሒሳብ ነው የምወደው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ማንም አልጠየቀኝማ!"

እንባዬ መጣ፤ ደግሞም ቅልል አለኝ። "በይ ቅጽሽን አውጥተሽ አስተካክዪው" አሉኝ። እዚያው ቆሜ ሒሳብን አንደኛ አደረግኩ። መምህሩም በጣም ደስ አላቸው፣ ለዕቃቸው ብለው ይመስለኛል።

ይኸው በሒሳብ ተመረቅኩ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አገሬን ጠየቀችኝ። "ዶርዜ" አልኳት።

"ውይ ታድለሽ! እባክሽ ለእኔም አንድ ነጠላ ሥሪልኝ።"

አሁን እንግዲህ አድጌያለሁ፣ ተምሬያለሁ፣ ቁርጡን መናገርም አውቃለሁ። ቀና ብዬ ዓይን ዓይኗን እያየሁ…

"ጥለቱ ምን ዓይነት ይሁንልሽ?" አልኳት።