አምስት ሱቅ በአንድ መስኮት

መርካቶ ገብቶ «የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። የጠየቃችሁት ዕቃ ሱቁ ውስጥ ባይኖርም ባለሱቁ «አለ!» ይላችኋል። ዱካ ስቦ ያስቀምጣችኋል፤ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ይላል። በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው ሹልክ ብሎ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። እናንተ ስለ ዝናቡ ስታወሩ ዕቃው ከች ይላል። ውሸት ነው እንዳትሉኝ። ዕቃው መጣ አይደል?

ይህን ያነሳሁት ስለ ሥራዬ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። በሥራዬ ደግሞ አልታማም፤ ትሕትናውን ለሌላ ቀን እናቆየው። የምሠራው ለጋሼ ሸምሱና ለታናናሾቻቸው ነው። የቤት ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከአንዋር መስጊድ ጀምሮ ወደ ታች በየመንገዱ አምስት ሱቅ አላቸው። ታዲያ ሁሉም ዕቃቸውን የሚመዘግቡት በየራሳቸው መንገድ ነው። አንዱ በኤክሴል፣ አንዱ በሞባይሉ፣ እህታቸው ሙኒራ ደግሞ ከዱባይ ባመጣችው ፕሮግራም። መዝገባችሁን አንድ ቦታ አምጡት ብትሏቸው የዘመድ ጉባኤ ያስጠራል።

ዳታ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ሶፍትዌር የመጣው ለዚህ ነው። በስሙ አትደንግጡ፤ ሥራው ከስሙ ይቀልላል። መረጃውን ካለበት ሳያነሳ፣ ሳይገለብጥ፣ ሁሉንም በአንድ መስኮት ያሳያችኋል። ራሱ ምንም አያከማችም። ይህን ለጋሼ ሸምሱ ሳስረዳቸው ከት ብለው ሳቁና፣ «ዕቃ ሳይይዙ መሸጥ ነው በለኛ! ይሄን እኮ እኛ ስንሠራበት ኖረናል» አሉኝ።

በቅርቡ ደግሞ አዲሱ ስሪት ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ ድንቅ ነው! ድሮ ጠዋት አንዴ ያየውን እስከ ማታ ያንኑ ያሳየን ነበር፤ አሁን አንድ ድስት ሲሸጥ እዚያው በዚያው ይታያል። ወንድም የወንድሙን ዕቃ ያያል እንጂ በስንት እንደገዛው አያይም። ይህቺ ብቻ ስንት ሽምግልና አስቀርታለች! እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት በአማርኛ ስትጠይቁት የአምስቱንም ደምሮ መመለሱን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው?

አርብ ጠዋት ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ቁጭ ብዬ ጫንኩት። ገና ጭኜ ሳልጨርስ እትዬ አስካለ ገቡ። የቆዩ ደንበኛችን ናቸው፤ እሑድ አንዲት ልጃቸውን ይድራሉ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወጥ ቤቶቹ ደርሰዋል፤ የጎደለው ከበርሜል የሚሠራው ትልቁ የድግስ ምድጃ ነው። አመጣለሁ ብሎ ቃል የገባላቸው ሰው ስልኩን ዘግቷል። «ዛሬ ካላገኘሁ ሽንኩርቱ ምን ላይ ይቁላላ ልጄ? በሰው ፊት መዋረዴ ነው እኮ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ምን እጠብቃለሁ? «ትልቁ የድግስ ምድጃ አለ ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። በአምስቱም ሱቅ በሽ ነው አለኝ። ስክሪኑን አዙሬ በኩራት አሳየኋቸው። እትዬ አስካለ እጄን ይዘው መረቁኝና ለወጥ ቤቶቹ «ተገኘ!» ብለው ደወሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እኛ ሱቅ ጓዳ ብፈልግ የለም፤ ከሌሎቹ ላመጣላቸው ወጣሁ። መጀመሪያ ታናሽየው ከድር ጋ ሄድኩ። «እኔ ጋ የለም፤ ግን ሙኒራ ጋ ይኖራል ብዬ መዝግቤዋለሁ» አለኝ። ሙኒራ ጋ ስደርስ ደግሞ፣ ከድር ጋ አይጠፋም ብላ ነው የመዘገበችው። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ። አንዱ የሌላውን እንደ ራሱ ይዞታል፤ የኔ ጎበዝ ሶፍትዌር ደግሞ የሰጡትን አማኝ ነውና ሁሉንም ደምሮልኛል። አራተኛው ሱቅ ያለው ወንድማቸው ብቻ፣ «ምን አለሽ ተራ ያለው ብረት ቀጥቃጭ ጋ ሞልቷል» አለኝ።

ሮጥኩ። ብረት ቀጥቃጩ ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ «አለ! ይኸው!» አለኝ። የጠቆመኝ ወደ በርሜል ነው። በርሜሉ መቀስ አልነካውም፤ ዘይቱ እንኳ አልደረቀም።

ለጋሼ ሸምሱ ደወልኩ። «ጉድ ሆነናል፤ ምድጃው ገና በርሜል ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ሆነ? ከጁምዓ እንደወጣሁ እመጣለሁ፤ አንተ እዚያው ቁም» አሉኝ። መጡ። ኮታቸውን አወለቁ፣ ተሟገቱ፣ ለመኑ፣ ባለሙያውን በእናቱ አስማሉት። የመደዳው ብረት ቀጥቃጭ ሁሉ የያዘውን ሥራ ጣለና በርሜል ላይ ተረባረበ። እኔ እጄን አጣምሬ፣ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁኝን ሴትዮ እያሰብኩ ሰዓት እቆጥር ነበር። ሳይመሽ ምድጃው ድንኳኑ በር ላይ ወረደ። እትዬ አስካለ ዳሰስ አደረጉትና፣ «ኧረ ገና ትኩስ ነው!» አሉ። ፀሐይ ነክቶት ነው አልኩ። አቀፉኝ፤ ደስታቸው ለእኔም ተረፈኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ተናድጄ ገባሁ። ማንም የጎረቤቱን ዕቃ እንዳይመዘግብ ከለከልኩ፤ የአምስቱንም ሱቅ መዝገብ ከሥር አጠራሁ። ስክሪኑ ላይ የዕቃው ግማሽ ዜሮ ሆነ። ጋሼ ሸምሱን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ይኸው፣ አሁን እውነቱን ይናገራል» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ትናንት ይሄን ዜሮ ብታሳያቸው እትዬ አስካለ የት ይሄዱ ነበር?» አሉኝ።

«ሌላ ቦታ» አልኩ።

«ሴትዮዋ ሌላ ቦታ ከሄዱ ያንን በርሜል ማን ይቆርጠዋል?»

በርሜል የሚቆርጥ ሶፍትዌር እስካሁን አልገጠመኝም። ቢሆንም በሥራዬ አልታማም ብያችኋለሁ፤ አምራቾቹ ያላሰቡትን አንድ ማሻሻያ በራሴ እጅ ጨመርኩበት። ዛሬ እኛ ሱቅ መጥታችሁ የሌለ ዕቃ ብትጠይቁ ስክሪኑ ዜሮ አይላችሁም። «አረፍ ይበሉ፣ ይመጣል» ይላችኋል።